ያልተመዘገብኩበት እድር

የሰፈራችንን እድርተኞች ጌታ ይባርካቸው፤ እኔ ግን ሆሳዕና ከገባሁ ጀምሮ ስሸሻቸው ነው የኖርኩት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሄራሞ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «መምህር ተስፋዬ፣ ተመዝገብ እንጂ!» ይሉኛል፤ እኔም «ትምህርት ይዘጋና» እላለሁ። አምና መጠየቁን ሲተዉት ተስፋ የቆረጡ መስሎኝ ተገላገልኩ።

ባለፈው ወር፣ ከዳምቦያ መጥታ አብራኝ ትኖር የነበረችው እናቴ ዐረፈች። ለማንም ሳልናገር ድንኳን ደጄ ላይ ተተከለ፤ አግዳሚውም ብረት ድስቱም መጣ። አፍሬ ጋሽ ሄራሞን ወደ ጎን ሳብኳቸውና «እኔ እኮ አባል አይደለሁም» አልኳቸው።

«አሁን እናትህን አልቅስ» ብለውኝ ሄዱ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ እንደ ደንቡ የአባላት ስም ይጠራ ጀመር። የተጠራ ሁሉ «አቤት» ይላል። እኔ አቀርቅሬ መሬት መሬቱን አያለሁ።

«መምህር ተስፋዬ!»

«አቤት» የሚል ጠፋ። ሴቶቹ እንደገና ማልቀስ ጀመሩ። ቀና ስል ጋሽ ሄራሞ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ያስመዘገቡህ እናትህ ናቸው» አሉኝ። «‹ልጄ እያስተማረ ነው› እያሉ፣ ዝናብም ቢሆን ለቅሶ ሳይቀሩ፣ ስምህ ሲጠራ ‹አቤት› ይሉልህ የነበሩት እሳቸው ናቸው።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና እንደ አዲስ ጠሩኝ።

«መምህር ተስፋዬ!»

«አቤት» አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አፍ።