እትዬ ወርቅነሽ ዝም ያሉ ዕለት

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ አርባ ሰው ደረቅ ሜዳ ላይ ቆሞ አሣ ማጥመድ ተምሯል። አንዱ እኔ ነበርኩና ሰምቼ አይደለም የማወራው።

ከአንድ ወዳጅ አገር አርባ የአሣ ማጥመጃ ዘንግ በእርዳታ ይመጣል። ለየትኛው ሐይቅ ታስቦ እንደነበር እንጃ፣ እኛ ዘንድ ተራገፈ። የሮቢ ወንዝ በዚያ ወቅት ዶሮም በእግሯ ትሻገረዋለች። አሠልጣኛችን ጓድ ታደሰ ግን ዝዋይ ሁለት ሳምንት ተምሮ የመጣ ነውና፣ "አሣው በዕቅዱ መሠረት ይደርሳል፤ የኛ ፋንታ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነው" አለን። ኳስ ሜዳው ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደረደረ። በክሩ ጫፍ ዝንብ እንዲመስል ላባ የታሰረበት መንጠቆ አለ፤ እሱን ወርውሮ ሳፋው ውስጥ መጣል ነው ትምህርቱ። ሁለት ቀን ሥልጠና፣ በሦስተኛው ውድድር። የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና አያገኝም።

"ዝንብ የሚበላ አሣ እንኳን በጾም በፍስክም አይቀመስ" አሉ እትዬ ወርቅነሽ።

እትዬ ወርቅነሽ ከከተማው ዳር ማሽላ የሚያሳርሱ ባልቴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሽላቸውን ከወፍ የሚጠብቁት ራሳቸው፣ ማማ ላይ ወጥተው፣ በወንጭፍና በጩኸት ነው። ሲጮኹ በመንገዱ የሚያልፍ ሹፌር ፍሬን ይይዛል ይባል ነበር። እኔ መንጠቆውን የገዛ ሱሪዬ ላይ ስተክል፣ እሳቸው በመጀመሪያው ውርወራ ሳፋው መሀል ጣሉት። ዓይናቸው ግን ሰማይ ሰማይ ያያል። ግሪሳ ወፍ ጎረቤታችን ጀውሃ ደርሷል የሚል ወሬ ነበረ፤ ግሪሳ አንድ ጠዋት ካረፈ የዓመት ቀለብ አበቃ።

"ጓድ፣ ልሂድ። ማሽላዬ ደርሷል፣ ወፍ ሊጨርሰኝ ነው።"

"ወፍ በዕቅዱ ውስጥ የለም" አላቸው። ቀልዱን መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ወርቅነሽ ሌላ ዘዴ አመጡ። "ጓድ ታደሰ፣ ይኼ ሜዳ እኮ ለፎቶም አያምር። የኔ ማሳ ነፋስ ሲነካው ባሕር ነው የሚመስለው። ውድድሩ እዚያ ቢሆን የበላዮችህ ምን ይላሉ?"

ጓድ ታደሰ ለሪፖርቱ ካሜራ ተውሶ ነበርና ወደደው። ግን አሣ ድምፅ ከሰማ ይሸሻል፤ ድምፅ ያሰማ ከውድድር ይወጣል፣ ስሙም ከቀሩት ጋር ይመዘገባል አለ። "እርስዎ ከጮኹማ ሁላችንም ወደ ኳስ ሜዳ እንመለሳለን። ቃል ይግቡ።"

አርባ ሰው ዘንግ ሲያወናጭፍ ወፉ ራሱ ይፈራል ብለው ነው መሰለኝ፣ ቃል ገቡ።

በማግስቱ በማለዳ ማሳውን ከበብን። ከአጠገቤ የቆሙት ጋሼ ለማ ነበሩ፤ ማሳቸውን ከእትዬ ወርቅነሽ ማሳ የሚለየው አንድ ቦይ ነው። በዚያ ቦይ ወሰን ተጣልተው ሰባት ዓመት የእግዜር ሰላምታ እንኳ ተነፋፍገዋል።

ግሪሳው መጣ። ሰማዩ ጠቆረ። ክራችንን ብናወናጭፍ ወፉ ከምንም አልቆጠረን፤ አንዷማ የኔ ዘንግ ጫፍ ላይ አርፋ ላባዋን ታበጥር ጀመር። እትዬ ወርቅነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ቆመዋል። እንባቸው ይወርዳል። ማሽላው ሲቆረጣጠም ይሰማናል፣ እኛ አርባ ጎልማሳ አሣው እንዳይሸሽ ዝም! ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የዚያን ዕለት ዝምታ ሲነቅዝ በዓይኔ አየሁ። አፈርኩ፣ ግን ሳሙናዬን አሰብኩ።

"ሁያ! ሁያ! የድሃ እህል ነው፣ ውጣ!"

ጋሼ ለማ ናቸው። ደነገጥን። ከዚያ እኔም ጮህኩ፣ ሁሉም ጮኸ። ጓድ ታደሰ እየሮጠ ስማችንን ይመዘግባል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሲደርስ ከላይ የወፍ ኩስ ደብተሩ ላይ ጠብ አለበት። "ሁያ!" አለ እሱም። ቆም ብሎ አሰበና፣ ሕግ ሕግ ነው ብሎ የራሱን ስም አርባኛ አድርጎ ጻፈ።

ወፉ ተነሥቶ ሄደ። ማሽላው ከዳርና ዳሩ በቀር ተረፈ። ዝርዝሩን፣ የራሱም ስም ስላለበት፣ ጓድ ታደሰ ቀደደው። ዝም ያሉት እትዬ ወርቅነሽ ብቻ ስለነበሩ አሸናፊ ተባሉ፤ አንድ ዘንግና ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሸለሙ።

ሽልማቱን እንደያዙ በቀጥታ ጋሼ ለማ ዘንድ መጡ። "ሰባት ዓመት ዝም ብለው፣ አንቱ ዛሬ ይኼን ድምፅ ከየት አመጡት?"

"ላንቺ ብዬ አይደለም። ለእህሉ ነው።"

"እህሉስ የማን ነው?"

ጋሼ ለማ ዘንጋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቦዩን ተሻገሩ።

በማግስቱ ግሪሳው ቦዩን ተሻግሮ የጋሼ ለማ ማሽላ ላይ ወረደ። ለእርዳታ ስንሮጥ እትዬ ወርቅነሽ ቀድመውናል። የጋሼ ለማ ማማ ላይ ወጥተው፣ የተሸለሙትን ዘንግ እንደ ጅራፍ እያጮኹ፣ ትናንት የዋጡትን ድምፅ ሁሉ ይለቁታል። ጋሼ ለማ ከታች ቆመው መሰላሉን ይዘውላቸው ነበር።