የወንዛዬው ካሴት

የካሴቱን ሽፋን ስከፍተው አሁንም ድኝ ድኝ ይለኛል። እናንተ ብታሸቱት ምናልባት ምንም አይሸታችሁም። ያኔ የጠቀለልሁት በፎጣ ነበር፤ ፎጣው ደግሞ የወንዛዬን ፍል ውሃ ጠጥቶ የደረቀ። አሁን ሽፋኑ ባዶውን ነው።

ባለቤቴ መምህር ነበር። ጥምቀት አልፎ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ፣ «የእናቴን ጉልበት ፍል ውሃ እናስነካው» ብሎ ተነሣ። እህቱ ከዐረብ አገር የቪዲዮ ካሜራ ይዛ መጥታ ነበርና እሱን ተዋሰ። እሱ፣ እኔ፣ አማቴና ገና ድክ ድክ የምትል ልጃችን ዳቦና በሶ ቋጥረን ከደብረ ታቦር ወረድን። የጉናን ብርድ ለለመደ ሰው ወንዛዬ ሌላ አገር ነው። ማለዳ እንፋሎቱ ከጉማራ ወንዝ ጭጋግ ጋር ይቀላቀልና ሰው አይታይም፤ ከነጩ ውስጥ ሳልና ሳቅ ብቻ ይሰማል።

ባለቤቴ ካሜራውን ከዓይኑ አላወርድ አለ። እኛ ሴቶቹ ታጥበን፣ ለብሰን ስንወጣ ጠብቆ ይቀርጸን ጀመር። አማቴ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

«አንተ፣ የተቀቀለ ድንች መስዬ ልትቀርጸኝ ነው?»

«እምዬ፣ ትንሽ ፈገግ በይ እንጂ!»

«ፎቶ ለለቅሶ ነው። በለቅሶ ቀን ጥርስ አይታይም።»

«ይሄ እኮ ፎቶ አይደለም፤ የተናገርሽው ሁሉ ይሰማል።»

«እንግዲያ ይስማ፤ ራበኝ!» አሉ አፋቸውን ወደ ካሜራው አስጠግተው።

ያን ጊዜ እሱ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ቃል ጣል አደረገ። እርጥብ ፀጉሬን እየጨመቅሁ ነበር፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ቀረጻውን ያየነው አንድ ሁለቴ ብቻ ነው። ካሜራው ለእህቱ ተመለሰ፣ ካሴቱ ሣጥን ገባ። አማቴ አረፉ። ልጃችን አግብታ ራቀች። ባለፈው ዐቢይ ጾም ባለቤቴ ሞተ። በለቅሶው ባቀፍሁት ፎቶ ላይ ጥርሱ አይታይም፤ አማቴ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ፎቶውስ ሞልቷል። ድምፁ ግን የትም አልነበረም። ከአርባው በኋላ ነው ካሴቱ ትዝ ያለኝ። እዚያ ውስጥ ፊቱ የለም፤ ቀራጩ እሱ ነበራ። ለካሜራው ቅርብ ስለነበር ግን ከሁላችንም ድምፅ የእሱ ይጎላ ነበር።

ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ፎቶ ቤት አሮጌ ማጫወቻ አለው ሲሉኝ ወሰድሁት። «ወደ ፍላሽ ገልብጥልኝ» አልሁት፤ ሌላ ምንም አላልሁ። ስመለስ ፎቶ አንሺው ጥቁር ልብሴን አየት አድርጎ ፍላሹን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«እማማ፣ አሳምሬ ሠርቼልዎታለሁ።»

በኮምፒውተሩ ከፈተው። እንፋሎቱ መጣ። አማቴ ነጠላቸውን ሳቡ። በላዩ ላይ መዝሙር ይዘመራል፤ በገናም አለበት።

«የሰዎቹ ድምፅስ?» አልሁት።

«ጫጫታ ነበር እማማ። አንድ ሰውዬ ካሜራው ሥር ሆኖ እየለፈለፈ አበላሽቶታል። እሱን አጠፋሁና ለሐዘንዎ የሚሆን መዝሙር ጫንሁበት።»

«ካሴቱስ?»

«ክሩን ማሽኑ በላው፤ አርጅቶ የለም? ግን አይዞዎት፣ ቀድሜ ገልብጬዋለሁ።»

«መጀመሪያ የገለበጥኸውስ፣ መዝሙር ሳይገባበት?»

«ኮምፒውተሬ ሞልቶ ሰረዝሁት። ምን ያደርግልዎታል እማማ? ይሄኛው ይሻላል።»

ልቆጣው አቃተኝ። ሠርግም ሙት ዓመትም እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ በእኛ አገር ቪዲዮ ያለ ዜማ ለባለቤቱ አይሰጥም። «ያ ሰውዬ እኮ ባሌ ነው» ልለው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።

አሁን መዝሙሩን ዘግቼ አየዋለሁ። የአማቴን ከንፈር አውቀዋለሁ፤ «ራበኝ» ይላል። ልጄ ወደ አባቷ ድምፅ ዞራ እጇን ትዘረጋለች። ከዚያ እኔ እመጣለሁ፤ ወጣት፣ ፀጉሬ ውሃ የሚያንጠባጥብ። ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ አንድ ነገር ይለኛል፣ እስቃለሁ።

ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ያቺ ወጣት ሴት እንደገና ትስቃለች። «ምን አለሽ?» እላታለሁ፤ ብቻዬን በባዶ ቤት። እሷ ሰምታዋለች። ፀጉሯን እየጨመቀች ትስቃለች፤ ለእኔ ግን አትነግረኝም።