ልብስ ሰፊው ያልለካው

መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የኢዘዲን የስፌት ሱቅ አለ። ኢዘዲን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን በስፌት መኪና ፊት ተቀምጦ አሳልፏል። ሰው ወደ ሱቁ ሲገባ ከፊቱ በፊት ትከሻውን ያያል። የደንበኛውን ወገብ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ይገምታል፤ ቢሳሳት በአንድ ሁለት ሣንቲ ሜትር ነው።

ሱቁን የሚከፍተው ግን ከጎረቤቶቹ ዘግይቶ ነው። ጧት ቤቱ ውስጥ ሌላ ሥራ አለበት። እናቱ ሲቲ ከሁለት ዓመት በፊት ከጓሮ ሲመለሱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ አጥንቱ እንደምንም ቢገጥምም ከዚያ ወዲህ በእግራቸው አልቆሙም። በየቀኑ ፀሐይዋ ሳትበረታ ኢዘዲን ከአልጋቸው አንስቶ፣ የደጃፉን ሦስት የድንጋይ ደረጃ ወርዶ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ያስቀምጣቸዋል። ረፋድ ላይ መልሶ ያስገባቸዋል። ከማንጎው ሥር ሆነው በአጥሩ በኩል ወደ ገበያ የሚያልፈውን ሁሉ ያያሉ፤ አላፊውም ቆሞ ሰላም ይላቸዋል። ማን ፍየል እንደሸጠ፣ የማን ምራት እንዳረገዘች ከዙልፋ፣ ከኢዘዲን ሚስት፣ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።

ከልጃቸው በቀር ሌላ ሰው እንዲያነሳቸው አይፈቅዱም። ዙልፋ አቅሙ የላትም፤ ከጎረቤት ወንዶች ደግሞ ቢጠየቅ እምቢ የሚል አልነበረም።

“የባዕድ ወንድ እጅ ሳይነካኝ ሰማንያ ሦስት ዓመት ኖሬ፣ አሁን ልጀምር?” አሉ አንድ ጊዜ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ኢዘዲን ስኳር እንዳለበት የታወቀው ባለፈው ዓመት በኅዳር ነው። ወልድያ ሆስፒታል ሲመዘን ዘጠና ስድስት ኪሎ ሆነ። የስኳር ክትትል ክፍሉ ነርስ ሲስተር ቃልኪዳን ክኒን የሚወስድበትን ሰዓት አስረዳችው፤ ክብደት እንዲቀንስ ነገረችው፤ ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ የተጻፈ አንድ ወረቀትም ሰጠችው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። ክብደት መቀነስ ሲባል የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገኛል ብሎ አላሰበም። ወገብ የሚያጠብበው ሰው እሱ ራሱ ነው።

መንገዱን በራሱ አወጣ። ሰኞና ሐሙስ መጾም ድሮም ልማዱ ነበር፤ አሁን ማክሰኞንና ረቡዕን ጨመረበት፤ ቀስ እያለም ከጁምዓ በቀር ሁሉም ቀን የጾም ቀን ሆነ። ሲያፈጥር ግማሽ እንጀራ በቲማቲም ወይም በጎመን ይበላል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ “ቅባት ነው” ብሎ ተወ። ሽሮውን ሳይቀር ዘይት አለበት ብሎ ገፋው። ጉልበቱ ስለሚከዳው ከቤት ሱቅ ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ በእግሩ መሄዱን ትቶ በባጃጅ መመላለስ ጀመረ።

በየሳምንቱ ወገቡን ይለካል። አንድ መቶ አሥራ ሁለት የነበረው አንድ መቶ ስምንት ሆነ፣ ከዚያ አንድ መቶ ሦስት። የሱሪዎቹን ወገብ በየወሩ እየፈታ ያጠብባል። ሌላ ምንም አልለካም። ልብስ ሰፊ ሱሪ ሲያጠብ የሚለካው ወገብን ነው።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መልካሙ የልጅነት ጓደኛው ነው። ኢዘዲንን የእህል ሚዛኑ ላይ የሚመዝነው እሱ ነበር።

“ሰማንያ አንድ፤ ደግሞ ወረድክ” አለው አንድ ቀን፣ የሚዛኑን ብረት እየገፋ። “እኛ ሁለት ወር ጾመን የቀነስነውን ለፋሲካ በአንድ ቀን እንመልሰዋለን። የእናንተ ፋሲካ መቼ ነው?”

“ቀናህ እንዴ?”

“ምኑ ያስቀናል? ትናንት አንዲት ሴት ‘ያ ጎረቤትህ ምን አገኘው፣ ታሞ ነው?’ አለችኝ። የለም፣ ጨርቅ እየቆጠበ ነው አልኳት።”

ኢዘዲን ሳቀ። ከስተሃል የሚሉትን ሁሉ ያልገባቸው ሰዎች አድርጎ ያያቸው ነበር፤ መርሳ ላይ ሰው ሲወፍር ተመችቶታል፣ ሲከሳ ደግሞ በሽታ ነካክቶታል ይባላል። ስኳሩም ወርዷል። ቁጥሩ ለእሱ ይመሰክርለት ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ሰባ ዘጠኝ ኪሎ በገባ በሳምንቱ፣ እናቱን አቅፎ ሁለተኛውን ደረጃ ሲወርድ የቀኝ እግሩ ከዳው። ድንጋዩ አላደናቀፈውም፤ ጭኑ ራሱ ነው እንደ ረጠበ ጨርቅ የታጠፈው። በጉልበቱ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። እናቱን አልለቀቃቸውም፤ ትከሻቸው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ዙልፋ ከጓሮ ሮጣ መጣች። የእናቱ ልብ ሲመታ ደረቱ ላይ ይሰማው ነበር።

“አፉ በለኝ ልጄ፤ ከበድኩህ” አሉ።

አርባ ሰባት ኪሎ አይሞሉም ነበር። ዘጠና ስድስት ኪሎ ሳለ፣ እያለከለከም ቢሆን፣ በየቀኑ ያነሳቸው ነበር።

በማግስቱ ሊያነሳቸው ሲጎነበስ እጃቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ገፋ አደረጉት። “ተወው፤ እዚሁ ይሻለኛል። ፀሐዩም በዝቷል።” ፀሐዩ ገና አልወጣም ነበር። በሦስተኛውም፣ በአሥረኛውም ቀን እንዲሁ አሉ። አልጋቸው ያለው ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል ስለነበር የሚያዩት ግድግዳውን ነው። አላፊዎቹ በአጥሩ በኩል ዙልፋን “የት ሄዱ?” እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ በኋላ መጠየቁን ተዉት። እናቱ ምግብ ቀነሱ፤ ከመግሪብ በፊት መተኛት ጀመሩ። ኢዘዲን ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ማድከም የፈለገው ስኳሩን ነው፤ የደከመው ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ምን እንደሆነ የገባው በሥራው ላይ ሳለ ነው። ለሠርግ የሚለብሰውን ኮቱን ሊያጠብ ፈታው። ወገቡን ሲይዝ እጅጌውም ሰፍቶ አየ። የሰው ኮት ቢሆን ኖሮ “ይህ ሰው ክንዱ የት ሄደ?” ብሎ በጠየቀ ነበር። ያን ኮት ከነሱሪው የቆረጠበትን የልኬት ደብተር ፈልጎ አወጣ። ሦስት ዓመቱ ነው። ክንድ ሠላሳ ስድስት፣ ጭን ስልሳ ሁለት ይላል። የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ራሱን ለካ። ክንዱ ሠላሳ ሆነ። ጭኑን ሁለት ጊዜ ለካው፤ ሃምሳ ሁለት። ሜትሩን ይዞ ቆመ። ወገቡ ከአሥራ አምስት ሣንቲ ሜትር በላይ ሲወርድ በየሳምንቱ ደስ ብሎት ሲያየው፣ ጭኑ አሥር ወርዶ ማንም አላየለትም።

ለክትትል ወልድያ ሲሄድ ሲስተር ቃልኪዳን የስኳሩን ቁጥር አይታ ደስ አላት። ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው።

“በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?”

“አንድ ጊዜ። እጾማለሁ።”

“ክኒኑን እየዋጡ?” ብዕሯን አስቀመጠች። “ሳይነግሩን? ስኳርዎ ወርዶ መንገድ ላይ ቢወድቁስ?”

“የወደቅኩት ደረጃ ላይ ነው” አለና የሆነውን ነገራት፤ የደብተሩንም ቁጥር ጨመረላት። ሐኪም ቤት የጭኑን ልክ ይዞ የመጣ ታካሚ አይታ አታውቅም፤ ጽፋ ያዘችው።

ወንበር ላይ እንዲቀመጥ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ አምስት ጊዜ እንዲነሳ ጠየቀችው። ሁለቱን ተነሳ። በሦስተኛው ተንገዳግዶ ጠረጴዛውን ያዘ።

“ሰውነት ሲርበው ስብ ብቻ መርጦ አይበላም” አለችው። “ጡንቻም ይበላል። በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ጡንቻው ዝም ብሎም ይቀንሳል፤ ካልሠሩበትና የሚገነባበት ምግብ ካላገኘ ቶሎ ይሄዳል። ሆድዎ ይውረድ፤ እግርዎ ግን ይቆይ።”

“እንዴት አድርጌ ነው የምለያየው?”

“በየማዕዱ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ሲገኝ ወተትና ሥጋ። እንጀራውን ያሳንሱ እንጂ ወጡን አይሽሹት። ከባድ ነገር በሳምንት ሦስት ቀን ያንሱ፤ በትንሹ ይጀምሩ። ጾሙን ደግሞ ከመጀመርዎ በፊት እዚህ መጥተው እንነጋገር፤ የክኒኑ ሰዓት ይስተካከላል።”

“እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ሲስተር። ተሸካሚ አይደለሁም።”

“እናትዎን ሲያነሱ ምን ነበሩ?”



ለመልካሙ ሲነግረው መልካሙ አልቀለደም፤ ቢያንስ ያን ቀን። ከወፍጮው ጀርባ ባዶ ጆንያ አወጣ፤ አሥር ኪሎ ማሽላ መዝኖ ሞላው። “ከመሬት አንሳ፣ እስከ በሩ ውሰድ፣ መልስ፣ አስቀምጥ” አለው። ኢዘዲን ሦስት ጊዜ አመላለሰና ተቀመጠ። በሳምንቱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሆነ፤ ከዚያ አሥራ አምስት። እህል ይዘው የሚመጡ ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ያዩት ጀመር።

“መልካሙ፣ ልብስ ሰፊውን ቀጠርከው?” አለች አንዷ።

“ሙከራ ላይ ነው” አለ መልካሙ። “እህል ስለሚያፈስ ገና አላጸደቅሁትም።”

ሱቁ ውስጥ ደግሞ ደንበኛ በገባ ቁጥር እጁን ሳያስደግፍ ከወንበሩ ይነሳል፤ ደንበኛ በሌለበትም ይነሳል። ቤት ውስጥ የተቸገረችው ዙልፋ ነበረች።

“ትናንት ቅባት አታሳዪኝ አልክ፤ ዛሬ እንቁላል ቀቅይ ትላለህ። እኔ ኮትህ ነኝ? እየፈታህ የምትሰፋኝ?”

“ይሄኛው ልኩ የተወሰደ ነው” አላት።

የመጀመሪያው ወር መጨረሻ ላይ ሚዛኑ ሰማንያ አንድ አለ። ሁለት ኪሎ ጨምሯል። ኢዘዲን ፊቱ ጠቆረ፤ ያን ቀን ምሳውን አልነካም። ማታ ተነስቶ ለካ። ወገቡ አልጨመረም፤ እንዲያውም በአንድ ጣት ጠቧል፤ ጭኑ ሃምሳ ሦስት ሆኗል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ሚዛኑ ከሰማንያ ብዙም አልተነቃነቀም፤ ሜትሩ ግን ይነቃነቅ ነበር። ሰው በተመሳሳይ ኪሎ ላይ ቆሞ ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል ሠላሳ ዓመት ሰው ሲለካ አላሰበውም ነበር። አሁን ወገብን፣ ክንድንና ጭንን በአንድ መስመር ይጽፋል። በሰኔ መጨረሻ ወገቡ ዘጠና ሦስት፣ ጭኑ ሃምሳ ስድስት ነበር። ስልሳ ሁለት አልተመለሰም፤ ላይመለስም ይችላል።

ሃምሳ ኪሎውን ጆንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳ ቀን እስከ ወፍጮ ቤቱ በር አልቆመም። ቅያሱን አቋርጦ፣ ግቢው ገብቶ፣ ሦስቱን ደረጃ ወጥቶ እናቱ አልጋ ሥር አስቀመጠው። መልሶ አነሳው። ደረጃውን ወረደ፣ ወጣ።

እናቱ ከትራሱ ቀና ብለው አዩት። “ምንድን ነው?”

“ማሽላ። ሃምሳ ኪሎ። ካንቺ ይከብዳል።”

“ማሽላ አይፈራም” አሉት። “እኔ እፈራለሁ።”

ኢዘዲን ጆንያውን ትከሻው ላይ እንደያዘ ቆመ። አራት ወር ሙሉ ሲሠራ የቆየው ለራሱ ክንድ ነበር። እሳቸው ያጡት የእሱን ክንድ ማመናቸውን እንደሆነ አላሰበም። ያንን ደግሞ ጆንያ አንስቶ ማምጣት አይቻልም።

ከዚያ በኋላ እንውጣ ብሎ አልጠየቃቸውም። በየጧቱ ከአልጋው አንስቶ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ አንድ እርምጃ ርቆ ካለው ወንበር ላይ ያስቀምጣቸው ጀመር፤ ይህን አልከለከሉትም። መጀመሪያ አንገቱን አጥብቀው ይይዙት ነበር፤ ጥፍራቸው ይሰማው ነበር። ወንበሩን በየሁለት ሦስት ቀኑ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ በሩ አስጠጋው። አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ መያዛቸው ላላ፤ እያነሳቸው ሳለ ስለ ዙልፋ ወጥ ጨው ያወሩ ነበር።

ወንበሩ በሩ ሥር በደረሰ በሁለተኛው ቀን ውጭውን አይተው “ደመና ነው” አሉ።

“ደመና ነው።”

“እንግዲያው ፀሐይ አይመታኝም።”

አነሳቸው። ዙልፋ ትራስ ይዛ ከፊት ወረደች። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እግሩን አስተካክሎ ቆመ፤ የቆመው ደክሞት አልነበረም፤ እሳቸው ትንፋሻቸውን እስኪለቁ ነው። ለቀቁ። ሁለተኛውን ወረደ፣ ሦስተኛውን። ማንጎው ሥር ሲያስቀምጣቸው ጭኖቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ግን ተሸክመውታል።

እናቱ ሻሻቸውን አስተካከሉና ግቢውን፣ አጥሩን፣ መንገዱን በየተራ አዩ። ዓይናቸው ከአጥሩ ማዶ ካለው የጎረቤት ቤት ላይ ቆመ።

“እነ ሀስና ጣሪያቸውን ቀየሩ እንዴ?”

“ቀየሩ” አለ ኢዘዲን።

“መቼ?”

“ሦስት ወር ሊሆነው ነው።”

አዲሱን ቆርቆሮ ረጅም ጊዜ አዩት። “ማንም አልነገረኝም” አሉ። ከዚያ አንዲት ሴት አጥሩ ጋ ቆማ ስማቸውን ጠራች፤ እጃቸውን አነሱላት።