ከፍቅሩ ጎን ያለችው ወንበር

ሂዳያ የሸዋ ሮቢቱን ፎቶ ቤት ከተረከበች ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ገጥሟት አያውቅም። እትዬ ብዙነሽ ከቀወት ገጠር መጥተው በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ ከጉያቸው አወጡ። የሟች ባለቤታቸው የፍቅሩ ነው፤ ጥቁርና ነጭ። ፍቅሩ ቆመዋል፤ አጠገባቸው ባዶ ወንበር አለች።

ወንበሯ ለእትዬ ብዙነሽ የተዘጋጀች ነበረች። ፎቶው የተነሳ ዕለት ግን እርጉዝ ነበሩና ዓይን ይበላኛል ብለው ከፎቶ ቤቱ ደጅ ቀሩ። ስወልድ አብረን እንነሳለን እንዳሉ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ፍቅሩ አለፉ። አሁን ምኞታቸው አንድ ነው፤ ከባላቸው ጎን በአንድ ፍሬም ሲሰቀሉ በአንድ ቀን የተነሱ እንዲመስሉ።

ሂዳያ በዲጂታል ካሜራዋ አነሳቻቸውና ኮምፒውተር ላይ ፎቶውን አስረጀችው። ቡናማ ቀለም ቀባችው፣ ጭረት ጨመረችበት፣ ጠርዙን አደበዘዘችው። ደስ ብሏት አሳየቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ ይኼ እኮ አይጥ የበላው ነው» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «የፍቅሩን ፎቶ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅሁት።»

ሂዳያ አፈረችም ሳቀችም። የፍቅሩን ፎቶ ይዛ ጋሼ ሽፈራው ዘንድ ሄደች። ያን ፎቶ በፊልም ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ እሷንም ሙያውን አስተምረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ቤቱን ከነዕቃው የለቀቁላት። ፎቶውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ፈገግ አሉ። ያኔ የቆላው ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት፣ የበሩን ብርሃን በግራ አድርገው፣ በቀኝ ብርሃኑን እንዲመልስ ነጭ አንሶላ ሰቅለው ነበር የሚያነሱት። ፊልም ውድ ነበርና ሰው እስኪረጋ ይጠብቁ ነበር።

«አንቺ ደጋግመሽ አንስተሽ ትመርጫለሽ» አሏት። «እኔ ጠብቄ ነበር የማነሳው።»

በማግስቱ ሂዳያ ፍላሹን አጠፋች። ካሜራውን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጋ፣ ፎቶው እንደ ፊልም ደቃቅ ነጠብጣብ እንዲኖረው አስተካከለችው። አንሶላውን ሰቀለች። ከጓዳ ያቺኑ ወንበር አወጣች፤ አንድ እግሯ ተጠግኗል። እትዬ ብዙነሽ ወንበሯን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ግን ለፎቶ ተኮሳትሯል። ሂዳያ ጣቷን ማንሻው ላይ አድርጋ ጠበቀች። ባጃጅ አለፈ። ትከሻቸው ላላ፤ ራሳቸው በፎቶው ፍቅሩ ወደቆሙበት ጎን ዘንበል አለ። ይኼኔ ጫነችው።

ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ መስታወት ሥር ሲገቡ ብርሃናቸው ከአንድ በር የገባ ሆነ።

«አስጠበቅሁህ አይደል፣ ፍቅሩ» አሉ እትዬ ብዙነሽ፤ ከዚያ የሂዳያን ግንባር ስመው መረቋት።

ሂዳያ አልሐምዱሊላህ አለችና፣ ከምርቃቱ የጋሼ ሽፈራውን ድርሻ ልታደርስ በሩን ቆልፋ ወጣች።