በጾም የጠራ ፊት

የልጅ ልጆቼ ግንባራቸው ላይ አንዲት ብጉር ብቅ ባለች ቁጥር እኔ ዘንድ ይሮጣሉ። በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ ወዙን አልለቀቀምና አንድ የደበቅሁት መድኃኒት ያለኝ ይመስላቸዋል። እኔም አልዋሽም፣ ሙገሳውን እወደዋለሁ። ትራሴን አደላድዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ተቀመጡ» እላቸዋለሁ። የምነግራቸው ግን የሚጠብቁትን አይደለም። ፊቴን ያጠራው አንድ ነገር መቀባቴ ሳይሆን አንድ ነገር መተዌ ነው፤ እሱን ለመተው ደግሞ ከአክስቴ ጋር መጣላት ነበረብኝ።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከአገር ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኛ የመካነ ብርሃን ሰዎች ነን። አባቴ የመንደሩ መነጋገሪያ እስኪሆን ድረስ ሴት ልጁን ለትምህርት ጎንደር ሰደደ፤ ቁስቋም ከምትኖረው ታናሽ እህቱ ዘንድ። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። እኔን ስታገኝ የምታደርገውን አጣች። ፍቅሯን በቃል የምትገልጽ ሰው አልነበረችም፤ የምትገልጸው በቅቤ ነው።

ቅቤውን የምትልከው እናቴ ናት። በየጊዜው አንድ ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ፣ ከደባርቅ በሚመጣ የጭነት ማኪና። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ሹሩባዬን ሠርታ ስትጨርስ ከቅሉ አንድ ድብልብል ታወጣና አናቴ ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ ደጅ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ታስመታኛለች። ቅቤው እየቀለጠ በግንባሬ በኩል መውረድ ሲጀምር «እንዳይባክን» ትልና በሁለት መዳፏ ግንባሬን፣ ጆሮ ግንዴን፣ ጉንጬን ታሸኛለች። ቆዳ ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል ባይ ናት። እኔም ዐይኔን ጨፍኜ እታሻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ግንባሬ ምስር የተበተነበት ሰፌድ መሰለ። ጉንጬም ተከተለ። አንዱ ሲጠፋ ሦስት ይወጣል። ክፍል ውስጥ መዳፌን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስለምቀመጥ አስተማሪዎቹ ሁልጊዜ የማስብ ይመስላቸው ነበር፤ በዚህ ብቻ ተጠቅሜያለሁ። አክስቴ ፊቴን አገላብጣ ታይና «ደርቆብሽ ነው» ትላለች። ቅቤው ይጨመራል።

በዚያ ዓመት ለጥምቀት አንድ የአገራችን ሰው ጎንደር መጣ፤ የአባቴ የድንበር ጎረቤት ነው። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ አገኘኝና ሰላም ሊለኝ ቀርቦ ፊቴን ሲያይ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። በእኛ አገር ፊት ስለ ሰው አኗኗር ይናገራል። ወዝ ያለው ፊት ጠግቦ፣ ተከብሮ የሚኖር ሰው ፊት ነው። እንደኔ ያለው ግን ወይ ታሟል፣ ወይ የሚኖርበት ቤት በድሎታል። ሰውየው አገሩ ሲገባ ያየውን ተናገረ፤ ትንሽም ሳይጨምርበት አልቀረም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የማኪናው ሾፌር የአባቴን መልእክት ይዞ መጣና ደጃችን ላይ ቆሞ እንዳለ አደረሰው።

«ከፋሲካ በኋላ ወር ሲሞላ እመጣለሁ። ከተማው ካልተስማማት፣ እንደሚሉት ሆና ካገኘኋት፣ ይዣት እመለሳለሁ ብለዋል።»

ይዣት እመለሳለሁ ማለት ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። አብሮ አደጎቼ ሁሉ ተድረዋል፤ ሁለቱ አዝለዋል። እኔ ደግሞ ገና ያገኘሁትን ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ማንበብ የጀመርሁበት፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግቼ የማነብበት ጊዜ ነበር። መመለስ አልፈለግሁም። አክስቴም ሾፌሩ ዞር እንዳለ መደቡ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «አያ እንዲህ ይበለኝ? ልጁን ያጎሳቆልሁበት መሰለው?» እያለች።

ከማግስቱ ጀምሮ በእኔ ፊት ላይ ዘመቻ ተከፈተ። ጎረቤታችን እማሆይ በየጠዋቱ እየቀሰቀሱ ጸበል ይዘውኝ ይሄዳሉ። የንጽሕና አስተማሪያችን ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እንድታጠብ፣ በጥፍሬም እንዳልነካካው አዘዘችኝ። አክስቴ ከአጥራችን ሥር የበቀለውን እሬት እየቆረጠች ውሃውን ትቀባኛለች፤ ምሬቱ ከንፈሬ ላይ ደርሶ እራቴን ሁሉ እሬት እሬት ያሰኘዋል። አብራኝ የምትማር ልጅ ደግሞ ፒያሳ ካለ ሱቅ በትንሽ ብልቃጥ ክሬም አመጣችልኝ። አንድ ቀን ብቻ ተቀባሁት። እማሆይ ከወፍጮ ቤት የመጣሁ መስሏቸው ዱቄቱ ስንት ቁና እንደወጣው ጠየቁኝ።

ይህ ሁሉ የተጀመረው ሁዳዴ በገባበት ሳምንት ነው። ደብረ ዘይት ሲደርስ ፊቴ መርገብ ጀመረ። ሆሳዕና ላይ አንድም አልቀረም። የአክስቴን መስታወት ይዤ ደጅ ወጣሁና ብርሃን ላይ እያገላበጥሁ ራሴን ሳይ ዋልሁ። ቆንጆ ነኝ ብዬ ያመንሁት ያን ቀን ነው፤ ሁለተኛ ማንም አሳስቶኝ አያውቅም።

እንግዲህ ምስጋናው የማን ይሁን? እማሆይ ጸበሉ ነው አሉ፤ እመቤቴ እንዳታሳፍራቸው ለምነው እንደነበር ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ። አስተማሪዋ ከክፍሉ ፊት አቁማ የሳሙናን ጥቅም በእኔ አስረዳች። አክስቴ በበኩሏ ከእሬቱ ለሚለምናት ሁሉ እየቆረጠች ሰጥታ አጥሩን ባዶ አስቀረችው። እኔ ሁሉንም ለየብቻ አመሰገንሁ፤ ለእያንዳንዳቸውም «የእርስዎ ነው የፈወሰኝ» አልሁ። በሁሉም አምኜ ነበር።

ፋሲካ ሆነ። አክስቴ በጾም ነገር ቀልድ አታውቅም፤ በሁዳዴ ቅቤ በአፍ ቀርቶ በአናትም አይደርስም ባይ ናት። ስለዚህ ቅሉ ሁለት ወር ሊሞላ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ከርሟል። የፋሲካ ዕለት አወረደችውና የከረመውን ሁሉ በአንድ ቀን ልታካክስ አሰበች። እንዲህ ተቀብቼ አላውቅም። ቅቤው አገጬ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ «አሁን ገና ልጅ መሰልሽ» አለችኝ።

በዐሥረኛው ቀን ግንባሬ እንዳለ ተነሣ።

ቤቱ የሐዘን ቤት ሆነ። ጸበሉን አላቋረጥሁም፣ ሳሙናውን አላቋረጥሁም፣ እሬቱም ቢሆን ከጎረቤት ተለምኖ ይቀባኛል። ታዲያ ምን ተለወጠ? መስታወቱን ይዤ ደጅ ወጣሁ። አሁን ግን እንደ ሆሳዕናው ራሴን ለማድነቅ አይደለም፤ ተናድጄ ነበር። ሳይ ሳይ ከፀጉሬ ሥር ይጀምራል፣ በግንባሬ ይወርዳል፣ በጆሮ ግንዴ በኩል ይዞርና ጉንጬ ላይ ያርፋል። አፍንጫዬ ደህና ነው። የአክስቴ መዳፍ የሚሄድበት መንገድ ነው። አገራችን ሳለሁስ ለምን አልወጣብኝም ብዬ ሳስብ፣ እዚያ የምቀባው ለዓመት በዓል ብቻ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰና አክስቴ ቅሉን ይዛ መጣች። ከድንጋዩ ተነሣሁ።

«እትዬ፣ አልቀባም። ፊቴን የሚያበላሸው ቅቤው ነው።»

መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«ምነው? የእናትሽ ቅቤ መርዝ ሆነ? ይኸ እጄ ነው ያበላሸሽ?»

«እጅሽ አይደለም እትዬ፣ ቅቤው ነው። በጾሙ ስላልቀባሽኝ ነው የጠራው። አባዬ እስኪመጣ ብቻ ተዪኝ። እስከዚያ ካልጠራ ከእግር እስከ ራሴ ቀቢኝ፤ አባዬም ሲወስደኝ ቃል አልተነፍስም።»

ቅሉን መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ እስኪመጣ ድረስ አላነጋገረችኝም። ማለቴ በቀጥታ አላነጋገረችኝም፤ የምታነጋግረኝ በድመታችን በኩል ነው። «ድመት፣ ምሳዋ ቀርቧል በያት። ድመት፣ ብርድ ነውና ጋቢ ትደርብ በያት።» ድመቷ ወሬውን ሳታደርስ ብትተኛም እኔ በደንብ እሰማለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሆን ብላ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና የራሷን አናት እየተቀባች ትተነፍሳለች፤ እኔም በድርቅናዬ መጽሐፌ ውስጥ እደበቃለሁ። ውስጥ ውስጡን ግን ታሳዝነኛለች። ይህች ሴት ከዚህ ሌላ የምትሰጠኝ አልነበራትም፤ እሱን ነው አልፈልግም ያልኋት።

ፊቴ ጠራ። አባቴ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድም አልነበረም። አክስቴ በጎን አየችኝ። ለድመቷም ምንም አላለቻትም።

አባቴ በቀትር ደረሰ፤ አቧራ ለብሶ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ። ተሳልመነው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ክንዴን ይዞ ደጅ አወጣኝ። አገጬን ቀና አድርጎ ወደ ቀኝ አዞረኝ፣ ወደ ግራ አዞረኝ። ጊደር ሲገዛም እንዲሁ ነው።

«ሸጋ ናት» አለ በመጨረሻ። «ያ ሰውዬ ዐይኑ ፈዟል መሰል። ከሄደችበት ቀን ይበልጥ ሸጋ ናት።»

አክስቴ በረጅሙ ተነፈሰች፤ እኔም ተነፈስሁ። ግን ገና አላበቃም። አባቴ ገብቶ ተቀመጠና ነጠላውን ፈታ። ትልቅ ቅል ነው።

«እናትሽ በእጇ የናጠችው ነው። ዓመቱን ሙሉ ለራሷ ጠብታ አልነካችም፤ ‹ለልጄ ነው› ብላ። ‹ሲቀቧት ዐይንህ ይይና ንገረኝ› ብላ ቃል አስገብታኛለች። በሉ ቀቧት፤ ልይና ልንገራት።»

እናቴ አናቷን አድርቃ መኖሯን አላውቅም ነበር። በዚያ ላይ አባቴ የመሬት ሙግት ነበረበትና ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከተቀባሁ ዐይኑ እያየ ይወጣብኛል፤ ይዞኝ ይሄዳል። አልቀባም ካልሁ የእናቴን ልፋት ፊቱ ላይ መጣል ነው። አክስቴን አየኋት። ቅሉን ተቀብላ ቆማለች። ልትረታኝ ከፈለገች ከዚህ የተሻለ ቀን አታገኝም።

«ነይ ውጪ» አለችኝ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። አባቴ በርጩማ አውጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አክስቴ ከኋላዬ ቆመች። ከዚያ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታች፤ ከእኔ በቀር በሰው ፊት አናቷን ገልጣ አታውቅም። ወፈር አድርጋ አጠፈችውና በግንባሬ ዙሪያ፣ ልክ ከፀጉሬ ሥር፣ ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ። ቅቤውን አናቴ ላይ ያስቀመጠችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ምነው ግንባሯን አሰርሻት? ራሷን ያማታል?» አለ አባቴ።

«የከተማ ወግ ነው፣ አያ። ተማሪ እንዲህ ነው የሚቀባ» አለች፣ ድምጿ ሳይዛነፍ።

ቅቤው ቀለጠ። ወረደ፣ ሻሹ ላይ ደረሰ፣ ቆመ። ያለፈችውን አንድ ሁለት ጠብታ አክስቴ በጣቷ እየጠረገች የራሷን ክንድ ትቀባበታለች። አባቴ አውድማ ላይ እህሉ ሲመረት እንደሚያይ ሰው ረክቶ ይመለከታል። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና ድመቷን ሳታስቸግር፣ «ቀና በይ፣ ልጄ። እንዳይነካሽ» አለችኝ። እንባዬ መጣ። አባቴ ፀሐዩ ነው ብሎ ቦታ ልቀይርሽ አለኝ።

በሁለት ሳምንቱ ፊቴ ላይ ምንም አልወጣም፤ አባቴም ስለ መመለስ አንድ ቃል ሳያነሣ ሙግቱን ጨርሶ ሊሄድ ተነሣ። በዋዜማው አክስቴና እኔ ከአዲሱ ቅቤ ግማሹን ወደ አሮጌው ቅል ገለበጥነው። ማኪናው ሊነሣ ሲል ቅሉን አባቴ ጭን ላይ አስቀመጥሁለት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የእናቴ ድርሻ ነው። አናቷ ላይ ሲደረግ ዐይንዎ ይይና መልእክት ይላኩልኝ፣ አባዬ። ካልተቀባች የሚመጣውን አልቀባም።»

አባቴ ቅሉን ጋቢው ውስጥ ከተተው። እስከ ደባርቅ ድረስ እንዳቀፈው እንደሄደ ሾፌሩ በኋላ ነገረን።