ወንድሜ ያልወጣው ሰባተኛ ፎቅ

ወንድሜን በስሙ የሚጠሩት እናታችንና የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ናቸው። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ ለሌላው ሰው ሁሉ «አይቼዋለሁ» ነው። ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ ካልነገርኳችሁ ወሬው ስለማይገባችሁ ከዚያ እጀምራለሁ፤ ምላሴ ግን ወደ ችሎቱ ልሩጥ እያለ እያስቸገረኝ ነው።

ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ሕንፃ አናት ላይ ባለች የሞተር ክፍል ውስጥ አጎንብሶ ኖሯል። ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ ለሠርጉ ቀን እንኳን አልለቀቀም። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «የእኛ ሊፍት እኮ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ይሻላል?» ሲለው እምቢ ማለት አያውቅበትም፤ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ የሁለት ሕንፃ ሊፍት አይቶ ዳቦውን ረስቶ የሚመለስ ሰው ነው። እኔ ታናሽ እህቱ ደግሞ ለነጋዴዎች ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። ከአራት ዓመት በፊት ሚስቱ ስታማርር ሰማሁና «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ በየመንገዱ ከሚይዝህ አንድ ቦታ ይጻፍልህ» ብዬ በሁለት ቅዳሜ አንድ ገጽ ሠራሁለት። ስሙን «ሊፍቱስ?» አልነው።

ማንም ይገባል፣ የሕንፃውን አድራሻ ይጽፋል፣ የሊፍቱን በሽታ ይጽፋል። ስሙን መናገር የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ይተዋል፤ ተከራይ አከራዩን በአደባባይ ሲወቅስ ምን እንደሚከተለው እናውቃለንና። ባለ ሕንፃው ቅር ካለው መልሱን ይልክልናል፣ እኛም ከቅሬታው በላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን እናወጣለታለን። ማጥፋት ግን የለም። ጋሼ ከሥራ ሲወጣ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ባትሪውን ይዞ እየዞረ የተጻፈውን ያጣራል። እውነት ሆኖ ካገኘው ከጽሑፉ ጎን አረንጓዴ ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክቷ ላይ «አይቼዋለሁ» ይላል። ያቺ ምልክት ካረፈች ባለ ሕንፃው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ያሠራል። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ጊዜ አርፋለች፤ ሦስት መቶ አሥራ አምስቱን ጋሼ በዓይኑ በብረቱ አይቷቸዋል። ጉድ የሠራችን የቀረችው አንዲቷ ናት።

እንዲህ ሆነ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አዲስ ጽሑፍ ገባ። «ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሊፍቱ ሳይመጣ በሩ ይከፈታል። ውስጡ ባዶ ገደል ነው። ለጥበቃው ነገርኩ፣ ለባለ ሕንፃው ነገርኩ፣ የሰማኝ የለም።» ጸሐፊው «የሰባተኛ ፎቅ ነዋሪ» ነው የሚለው። የተላከበትን ኢሜይል ሳይ ግን ሳቄ መጣ፤ እኔው ራሴ ለእናታችን የከፈትኩላት ነው። እማዬ በዚያ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ወዲያው ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እማዬ ገጹ ላይ ጽፋልሃለች።»

«ምን አለች?» አለኝ። ከጀርባው ሞተር ይጮሃል። አነበብኩለት።

«እማዬ ካለች አለቀ» አለ። «ይሄ የሚያድር ነገር አይደለም። ምልክቷን አድርጊበትና ባለ ሕንፃው አሁኑኑ ይደንግጥ። ለጥበቃው እኔ ደውዬ በሩን በገመድ እንዲያስረው አደርጋለሁ። እሁድ ሄጄ አየዋለሁ።»

ምልክቷን አደረግሁ። ጥበቃውም ገመዱን አሰረ። እሁድ ግን የአንድ ክሊኒክ ሊፍት በሽተኛ እንደያዘ ቆመና ጋሼ ወደዚያ በረረ። በሚቀጥለው እሁድም ሌላ ነገር አልጠፋም። በሦስተኛው ሳምንት ባለ ሕንፃው ያሠራል ብለን ስንጠብቅ የጠበቃ ደብዳቤ ደረሰን።

ደብዳቤው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ጽሑፉ ይጥፋ፣ ገጹ ይቅርታ ይበል፣ የጸሐፊው ስም ይሰጠን። አለበለዚያ ገጹ እንዲዘጋ እንከሳለን ይላል። ጋሼ እንደ ልማዱ «መልስ ካላችሁ ላኩ፣ ከላይ እናወጣዋለን» ብሎ ጻፈላቸው። መልሳቸው መጥሪያ ሆነ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ፈራሁ። «ጋሼ፣ እናጥፋውና እንገላገል» ያልኩት እኔ ነኝ።

«ዛሬ የእማዬን ባጠፋ ነገ የማንን ነው የማላጠፋው?» አለኝ። «ባለ ሕንፃ ሁሉ እኮ ጠበቃ አለው። ተከራይ ያለው ይቺ ገጽ ናት። ስሟን ከሰጠሁ ደግሞ በወሩ ቤቷን አስለቅቋት ሌላ ያስገባል።»

ሕጉን ፈልጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ሰው በጻፈው ነገር ባለ ገጹ አይጠየቅም ይላል። እዚህ ድረስ አንጀቴን አራሰው። ቀጥሎ ግን «የራሱ ቃል ካላደረገው በስተቀር» ይላል። ያ «በስተቀር» ላይ ቆምኩ። አረንጓዴዋ ምልክት ምንድን ናት? የጋሼ ቃል ናት። አይቼዋለሁ ብሏል፣ አላየም። «ምልክቷን ቀስ ብዬ ላንሳት፣ ማን ያውቃል?» ስለው በጣም ተቆጣኝ። ያልኩትን አላልኩም ብዬ ዳኛ ፊት አልቆምም አለ። ሄዶ እንዳያይ ደግሞ አሁን ወደዚያ ሕንፃ እግሩን ካነሳ ጸሐፊዋ እናቱ መሆኗ ይታወቅበታል። ስለዚህ ጭራሽ እማዬ ቤት መሄድ አቆመ። ለእሷም እንዳልነግራት አስማለኝ።

እኔ መሐላ ጠብቄ አላውቅም። ከችሎቱ በፊት ባለው ቀን ደውዬ ስለ ክሱ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ጋሼ ሳያይ ምልክት ማድረጉን ብቻ አልነገርኳትም። እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ምልክቱ አለበት አይደል?»

«አለበት።»

«እንግዲያው መጥቶ አይቷላ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ምን ብዬ ላርማት?

ችሎቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። የችሎት አዳራሽ ሰፊ ይመስለኝ ነበር፤ የገባንባት ክፍል ከአንድ የመማሪያ ክፍል አትበልጥም። ማታውን ስለ ክሱ ሁለት መስመር ገጹ ላይ ጽፌ ስለነበር ስንደርስ መተላለፊያው በሰው ተሞልቷል። የማላውቃቸው ሰዎች ጋሼን እየጨበጡ «የአሥራ ሁለተኛ ፎቁ እኔ ነኝ»፣ «የመድኃኒት ቤቱ ሕንፃ እኛ ነን» ይሉታል። አራት ዓመት ሙሉ በፊደል ብቻ የማውቃቸው ሰዎች ሥጋ ለብሰው ፊቴ ቆሙ። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ፤ ተከሰን እንደመጣን ረስቼ እንደ ሠርግ ቤት ሰው ወንበር ማደል ጀመርኩ። እማዬም ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ጫማ ቀይራ መጥታ ከኋላ ረድፍ ጥግ ተቀምጣለች። ጋሼ ሲያያት እኔን በዓይኑ ገረፈኝ።

የባለ ሕንፃው ጠበቃ እሳት የላሰ ነው። ተነስቶ ስለ ጽሑፉ አንድም ቃል ሳይናገር ምልክቷን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ አሳየ።

«የተከበሩ ዳኛ፣ ተከሳሽ ሌላ ሰው ነው የጻፈው ይላሉ። ይህ ግን የራሳቸው ቃል ነው። የሕንፃው የእንግዳ መዝገብ ደግሞ ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ እኚህ ሰው አንድም ቀን እንዳልገቡ ያሳያል።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጋሼን አዩት። «ያዩት ነገር ነው?» አሉት።

እስቲ እንግዲህ አስቡት። አዎ ካለ ይዋሻል። አይ ካለ በዚያ ቅጽል ስም የሚጠሩት ሰዎች ሁሉ ከጀርባው ተቀምጠው ይሰማሉ። ለምን ሳታይ ምልክት አደረግህ ቢባል እናቴ ስለነገረችኝ ማለት አይችልም፤ እናቱን አሳልፎ መስጠት ነው።

«አላየሁትም» አለ ጋሼ። «ሦስት መቶ አሥራ አምስቱን አይቻለሁ። ይሄንን ሳላይ ነው አይቼዋለሁ ያልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከኋላ ጉምጉምታ ተነሳ። ጠበቃው ፈገግ አለ።

«ታዲያ ጸሐፊው ማን ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«እሱን አልናገርም።»

«ካልተናገሩ ለጽሑፉ የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም ማለት ነው። ያልታየን ነገር ታይቷል ብሎ የሚያወጣ ገጽ ደግሞ ክፍት እንዲቆይ ለመፍቀድ እቸገራለሁ። ይህን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አለ። አራት ዓመት ሙሉ እሁዱን የበላችውን ገጽ በአንዲት ቃል ሊሸኛት ነው። እኔ እንባዬ መጣ። ያኔ ከኋላ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች እማዬ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። «ስሜን ማንም አውጣጥቶ አይወስደውም፤ ራሴ ይዤው መጥቻለሁ። በሩ ሲከፈት ሊፍቱ የመጣ መስሎኝ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። የያዝኩት የልብስ ሳፋ ከመቃኑ ጋር ተጋጭቶ ባያስቆመኝ ዛሬ እዚህ አታዩኝም ነበር። ሳፋው ቤት አለ፣ ጠርዙ ተሰንጥቋል። የጻፍኩት ይሄንኑ ነው። ሐሰት ከሆነ ልጠየቅ።»

ከጎኗ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። አምስተኛ ፎቅ እንደሚኖሩና የእሳቸውም በር እንደዚያው እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ አንዲት ሴት ተነሳች። ዳኛዋ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው፤ ቁጣ ግን ፊታቸው ላይ አላየሁም።

ሲወስኑ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ትንፋሼን ይዤ ነው የሰማሁት። ጽሑፉ ባለቤት አለው አሉ፤ ባለቤቱ ቆሞ ከተናገረ ገጹ በእሱ ቃል አይጠየቅም፣ ጽሑፉም እውነት ይሁን ሐሰት ሳይጣራ አይጠፋም። ባለ ሕንፃው መልስ ካለው የተሰጠውን ቦታ ይጠቀምበት። ምልክቱ ግን የተከሳሽ የራሱ ቃል ስለሆነና ሐሰት ስለሆነ ዛሬውኑ ይነሳ፣ በቦታውም «ሳላይ ነው ያልኩት» ተብሎ ይጻፍ። ጻፈች ተብላ ሴትዮዋ ከቤቷ ብትነካ ጉዳዩ ተመልሶ ወደዚሁ ችሎት ይምጣ። ሊፍቱ ነገ በከተማው ተቆጣጣሪዎች ይታይ።

የነገውን ዛሬ ልናገርና ይውጣልኝ፦ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ ሰባተኛውንም አምስተኛውንም በር በአንድ እጃቸው ከፈቱት፤ ሊፍቱ ምድር ቤት ነበር። በዚያው ቀን ታሸገ። እኔ ከደስታዬ ብዛት የማላውቀውን ጥበቃ አቅፌ ሳምኩት።

ወደ ችሎቱ ልመለስ። ያቺን «ሳላይ ነው ያልኩት» የምትል መስመር ጋሼ እዚያው መተላለፊያው ላይ ቆሞ በስልኩ ራሱ ጻፋት። ሰው እየመጣ ትከሻውን ይመታዋል፣ «አይዞህ» ይለዋል፣ እሱ ግን ቀና አይልም። እማዬ ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች መጣችና ፊቱ ቆመች። ስሟን በማውጣቷ ሊቆጣ፣ ሳያይ በመዋሸቱ ልትቆጣ ነው ብዬ መሐላቸው ልገባ ተዘጋጀሁ።

«እስቲ እኔን እያየህ ንገረኝ» አለችው። «እውነት አልመጣህም ነበር?»

«አልመጣሁም እማዬ። ይቅር በይኝ።»

እማዬ ፊቷ በራ። እንደዚያ ሲበራ ካየሁት ቆይቻለሁ። እጁን ከነስልኩ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ተመስገን» አለች። «ያቺን ምልክት ካየሁ ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ እኮ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተህ፣ በሩን አይተህ፣ የእኔን በር ሳታንኳኳ የወረድክ መስሎኝ ነበር።»

ጋሼ «ለምን አልደወልሽልኝም ታዲያ?» አላት።

«እደውል ነበር እኮ። ‹ሥራ ላይ ነኝ እማዬ፣ መልሼ እደውላለሁ› ትለኛለህ» አለችው፤ ወቀሳ አልነበረበትም። «እዚያ ገጽ ላይ ለጻፈልህ ሰው ግን ሮጠህ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ለዚያ ነው የጻፍኩት።»