የዶክተር ደመላሽ የምድጃ ጥናት

ጆሃንስበርግ ምጣኔ ሀብት የሚያስተምረው ዶክተር ደመላሽ፣ ሶፋ ለመምረጥ እንኳ ክረምትና በጋ የሚያፈራርቅ ሰው ነው። የቡታጋዙ አንድ ዓይን አልቀጣጠል ሲል ነርሷ ባለቤቱ ሸዋአየሁ፣

«ኢንዳክሽን የሚሉትን የኤሌክትሪክ ምድጃ እንግዛ፤ የሥራ ባልደረባዬ ገዝታ ተገላግላለች» አለችው።

«ቆይ፣ ይጠና።»

ጥናቱ ወራት ፈጀ። መብራት ቢጠፋስ? መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካው ኢንቨርተር ይችለዋል? በመጨረሻ ያነበበው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ገጠመለት፦ ይህ ምድጃ ማግኔት የሚይዘውን ድስት እንጂ ሌላውን አያሞቅም። ከዚያ ወዲያ ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት ነቅሎ በኪሱ ይዞ ይዞር ጀመር።

የማኅበር ተራ የደረሳት ወይዘሮ የአለምወርቅ ቤት፣ እንግዳው ሁሉ እንደተቀመጠ ደመላሽ ብድግ ብሎ ኩሽና ገባ። ሴቶቹ ውሃ የጠማው መስሏቸው ብርጭቆ አቀበሉት። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ማግኔቱን በዶሮ ወጡ ድስት ላይ ለጠፈ። ማግኔቱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«አልሙኒየም ነው፤ ለኢንዳክሽን አይሆንም» ሲል አወጀ።

«ምነው ዶክተር!» አለች የአለምወርቅ ጭልፋዋን እንደያዘች። «ወጡን ይቅመሱ ብለን ጠራንዎት እንጂ ድስቱን ይመርምሩልን አልን?»

ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ። ሸዋአየሁ መኪና ውስጥ እስኪገቡ ታግሣ፣ «ከተጋባን ወዲህ ኩሽና ስትገባ ያየሁህ ዛሬ ነው፤ እሱም የሰው ኩሽና!» አለችው።

በማግስቱ ምድጃውን ገዝታ መጣች። ጥናቱ ሳያልቅ ተብሎ ተኮረፈ።

ቅዳሜ ሸዋአየሁ ተረኛ ነበረች። ደመላሽ ረሃቡ ኩርፊያውን ቢያሸንፍበት ሽሮ ሊሠራ ተነሣ፤ ድስት ጣደ። ምድጃው ጢጥ ጢጥ ብሎ ዝም አለ።

«ደግሞ መብራት ጠፋ?» ብሎ ጮኸ።

«ዳዲ፣ ቲቪው እየሠራ አይደል እንዴ?» አለች እዚያው ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገችው ልጁ ሩሀማ። «ድስቱ ነው።»

የማኅበርተኛውን ድስት የመረመረው ሰው የራሱን ቤት ድስት አላየም ነበር። የኩሽናውን ቁም ሳጥን ሲበረብር ለምድጃው የሚሆን አንድ የብረት መጥበሻ ብቻ አገኘ። ሽሮው ቀርቶ ዕንቁላል ጠበሰ፤ ግማሹ አረረ።

ሸዋአየሁ ስትመለስ ድርሻዋ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ጠበቃት። ቀመሰችው። «ጨው የለውም» አለችና ምንም ሳታስተርፍ በላችው።

አሁን የቅዳሜ ዕንቁላል የእሱ ነው። ባለፈው የማኅበሩ ተራ ዞሮ የአለምወርቅ ቤት ደረሰና ስለ ዕንቁላል አጠባበስ ሰፊ ማብራሪያ ሲሰጥ፣ እሷ የኩሽናዋን በር ቀስ ብላ ዘጋችው።